«ብላክ ፓንተር» የማን ወገን ነው?

በ2018 ስለወጣው «ብላክ ፓንተር» የተጻፈውን ሁሉ ያነበበ ሰው፣ ተቺዎቹ አንድ ፊልም ያዩ አይመስለውም። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለአንዱ የጥቁር ሕዝብ የነፃነት መዝሙር ነው። ለሌላው ጥቁር አሜሪካዊን ወሮበላ አድርጎ የሳለ ክህደት ነው። ሦስተኛው የሲአይኤ ማስታወቂያ ሆኖ ታይቶታል። ከነጭ አክራሪዎች ጎራ ደግሞ ድንበሯን ዘግታ የበለጸገች አገር አይተው ያጨበጨቡ ነበሩ።

አንድን ነገር «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ መተርጎም ለኛ አዲስ አይደለም። እነዚህ ትርጓሜዎች ግን ጎን ለጎን በሰላም አይቀመጡም። አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው ሊፈርስ ነው። በኔ አስተያየት ጠቡን ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት አልመጣም። ፊልሙ ራሱ ሲሠራ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነው የተሠራው። እንዴት እንደተከፈለ ለማየት ታሪኩን ማስታወስ ያስፈልጋል። ያላያችሁት ካላችሁ፣ መጨረሻውን ጭምር ልናገር ነው።

ዋካንዳ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ያለች የልብ ወለድ አገር ናት። ቫይብራኒየም የሚባል ተአምረኛ ማዕድን አላት። በሱ የተነሳ ቴክኖሎጂዋ ከዓለም ሁሉ ቀድሟል። ቅኝ ተገዝታ አታውቅም። ለውጭ ሰው ግን የእረኛና የገበሬ ድሃ አገር መስላ ትታያለች፤ የተረፈችውም በመደበቅ ነው። ንጉሥ ቲቻካ ሲሞት ልጁ ቲቻላ ዙፋኑን ይወርሳል። «ብላክ ፓንተር» የሚባለው ጀግናም እሱ ነው። ቲቻላን የተጫወተው ቻድዊክ ቦስማን ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ነው። የሟቹ ንጉሥ ወንድም እዚያ በስለላ ሥራ ላይ ሳለ የጥቁር አሜሪካውያንን ኑሮ አይቶ ልቡ ይነካል። የአገሩን መሣሪያ ሊሰጣቸው ያስባል። በ1992 ንጉሡ የገዛ ወንድሙን ይገድላል። የወንድሙን ትንሽ ልጅ እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ያ ልጅ አድጎ የአሜሪካ ልዩ ኃይል ወታደር ይሆናል፤ ስሙም ኪልሞንገር ይባላል። ማይክል ቢ. ጆርዳን ነው የተጫወተው። ዋካንዳ ሄዶ በፍልሚያ ዙፋኑን ይይዛል። እቅዱ መሣሪያውን በመላው ዓለም ለተጨቆኑ ጥቁሮች መላክ ነው። ቲቻላ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ያሸንፈዋል። ከዚያ ዋካንዳ በሯን ትከፍታለች፤ ኦክላንድ ላይም የእርዳታ ማዕከል ታቋቁማለች።

ኦክላንድ በአጋጣሚ አልተመረጠችም። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር የዚያች ከተማ ልጅ ነው። ከተማዋ ደግሞ የብላክ ፓንተር ፓርቲ የተወለደባት ናት። ሂዩ ኒውተንና ቦቢ ሲል ፓርቲውን የመሠረቱት በጥቅምት 1966 ነው። የፊልሙ ባለቤት የማርቬል ኩባንያ ገጸ ባሕርይ ግን ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በሠሩት የሥዕል መጽሔት ላይ የታየው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ፓርቲው ስሙን ከመጽሔቱ አልወሰደም። ጥቁሩ ነብር ከዚያ በፊት አላባማ ውስጥ የጥቁሮች የምርጫ ድርጅት ምልክት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብላክ ፓንተር ፓርቲ ሁለት ነገር በአንድ እጁ ይሠራ ነበር። ጠመንጃ ይዞ ፖሊስ ጥቁሮችን እንዴት እንደሚይዝ በየመንገዱ ይከታተላል። ከ1969 ጀምሮ ደግሞ ለሕፃናት ነፃ ቁርስ ያበላል፤ በኋላም ነፃ ክሊኒክ ይከፍታል። ለነሱ ሁለቱ አንድ ሥራ ነበሩ።

ፊልሙ ይህን አንድ ድርጅት ለሁለት ቆረጠው። ጠመንጃውን ለኪልሞንገር ሰጠ። ቁርሱንና ክሊኒኩን ለቲቻላ ሰጠ። ከዚያ ሁለቱን አፋለመ። ያሸነፈው ቁርሱ ነው። ይህን ካያችሁ የተቺዎቹ ክርክር ግማሹ ይፈታል።

በክርክሩ ውስጥ ስማቸው ከሚነሳ አንዱ ፈላስፋው ክሪስቶፈር ሌብሮን ነው። ፊልሙ በወጣ ሰሞን በቦስተን ሪቪው ላይ ጠንከር ያለ ትችት ጻፈ። ስለ ጥቁር ነፃነት አወራሁ በሚል ፊልም ውስጥ መሞት ያለበት ሰው ጥቁር አሜሪካዊው ሆነ፣ ነው ክሱ። የአፍሪካው መስፍን ጨዋ፣ ታጋሽ፣ ባለ ሞገስ ነው። የኦክላንዱ ልጅ ደግሞ በቂም የታወረ ገዳይ ነው። ዘረኞች ስለ ጥቁር አሜሪካዊ ወንድ የሚያወሩት ወሬ በሚያምር ልብስ ተመልሶ መጣ ማለቱ ነው።

የአትላንቲክ መጽሔቱ አዳም ሰርወር በተቃራኒው ቆመ። ኪልሞንገር ነፃ አውጪ አይደለም፣ ሌላ ቅኝ ገዢ ነው ይላል። ማስረጃው ደህና ነው። ኪልሞንገር ራሱ ፀሐይ ስለማይጠልቅበት የዋካንዳ ኢምፓየር ያወራል። ያ አባባል የእንግሊዞች ነው። ቅኝ ገዢዎቹን በራሳቸው መንገድ አሸንፋለሁ የሚል ሰው የነሱን መንገድ ወርሷል። ስለዚህ ፊልሙ ኢምፔሪያሊዝምን ነው የተቸው እንጂ የጥቁርን አመፅ አይደለም።

እኔ የሰርወርን ክርክር ለገጸ ባሕርይው እቀበላለሁ። ለደራሲዎቹ ግን አልቀበልም። ኪልሞንገር እንደዚያ ሆኖ የተገኘው እንደዚያ ስለተጻፈ ነው። እስኪ ልብ በሉ። ይህ ሰው የሚናገረው ሁሉ ያሳምናል። ያን ያህል አቅም ይዛችሁ ወገኖቻችሁ በባርነት ሲሸጡ የት ነበራችሁ? ይላል። በዚያ የዙፋን አዳራሽ ለዚህ መልስ ያለው ሰው የለም። ተመልካቹ ወደሱ ማዘንበል ሲጀምር ግን ስክሪፕቱ ይደነግጣል። የገዛ ፍቅረኛውን ያስገድለዋል። አሮጊት ያሳንቀዋል። ለንጉሡ ኃይል የሚሰጠውን የተቀደሰ ተክል ያስቃጥለዋል። ክርክሩን በክርክር ማሸነፍ ስላቃተ ሰውየውን ማክፋት ግድ ሆነ።

ይህ ዘዴ የአንድ ፊልም ብቻ አይደለም። ትልልቆቹ የልዕለ ጀግና ፊልሞች ፖለቲካ ሲነኩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። እውነተኛውን ጥያቄ ለክፉው ሰው ይሰጡታል፤ ከዚያ ክፉው ብዙ ሰው እንዲገድል ያደርጋሉ። ተመልካቹ ጥያቄውን ሰምቷል፣ ሥርዓቱ ግን አልተነካም። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። «ብላክ ፓንተር» 200 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ የወጣበት ፊልም ነው። ከ1.3 ቢሊዮን በላይ ያስገባው ከአትላንታ እስከ ቤጂንግ ስለተሸጠ ነው። በሚያዝያ 2018 ሳዑዲ ዓረቢያ ከ35 ዓመት በላይ ተዘግቶ የቆየውን ሲኒማ ስትከፍት ለመክፈቻ ያሳየችው ይህንኑ ፊልም ነው። የአሜሪካ ግራ ዘመምም የሪያድ ባለሥልጣንም ሳይከፋው የሚያየው ፊልም መሥራት ቀላል አይምሰላችሁ።

ሙዚየሙ

ከፊልሙ ሁሉ ለኛ ቅርብ የሆነው ትዕይንት ለንደን ውስጥ ያለው ነው። ኪልሞንገር ሙዚየም ገብቶ የአፍሪካ ዕቃዎችን ያያል። አስጎብኚዋ አንዱን መሣሪያ የቤኒን ነው ስትለው፣ የእንግሊዝ ወታደሮች ከቤኒን ወሰዱት እንጂ የዋካንዳ ነው ብሎ ያርማታል። ቀጥሎም አያቶቻችሁ ዋጋ ከፍለው ነው ወይ የወሰዱት? ብሎ ይጠይቃታል። ሙዚየሙ የፈጠራ ነው። ሁሉም ሰው ግን ብሪቲሽ ሙዚየምን አሰበ።

የዛሬዋ ናይጄሪያ ውስጥ ከነበረው የቤኒን መንግሥት የቤኒን ነሐሶች የተዘረፉት በ1897 ነው። የመቅደላው ዘረፋ ከዚያ 29 ዓመት ይቀድማል። በሚያዝያ 1868 ዓፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር ዘውዱን፣ የብራና መጻሕፍቱን፣ ጽላቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወረደ። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ያሉት ጽላቶች 11 ናቸው። ከኦርቶዶክስ ካህናት በቀር ማንም እንዲያያቸው አይፈቀድም።

ግጥምጥሞሹን እዩ። ፊልሙ በየካቲት 2018 ወጣ። በሚያዝያ ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስመልክቶ ከዚያ የመጡትን ዕቃዎች ለእይታ አቀረበ። ዳይሬክተሩ ትሪስትራም ሃንትም ዕቃዎቹ በረጅም ጊዜ ውሰት ለኢትዮጵያ ሊሰጡ ይችላሉ አሉ። በውሰት! የገዛ ንብረትን መዋስ። በዚያ ሰሞን የኪልሞንገር ጥያቄ ከፊልም ያለፈ ነበር።

እዚህም ግን ያው ዘዴ አለ። አስጎብኚዋ የምትጠጣው ቡና ተመርዟል። ጥያቄው ሳይመለስ እሷ ወድቃ ትሞታለች፤ ጥበቃዎቹም ይገደላሉ። ቅርሱን ይመለስልን የሚለው ሰው በዚያው ደቂቃ ነፍሰ ገዳይ ሆነ።

ሲአይኤ፣ ማንዴላ፣ ኮልፌ

ግራ ዘመሞቹን ከሁሉ ያስቆጣው ኤቨረት ሮስ ነው። የሲአይኤ ሰው ነው፤ ማርቲን ፍሪማን ተጫውቶታል። ደግ፣ ትንሽ የሚያስቅ፣ ሕይወቱን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ነው። በመጨረሻው ጦርነት መሣሪያ ለጥቁሮች የጫኑትን መርከቦች ከአየር ላይ መትቶ የሚጥለው እሱ ነው። ሐሳቡን ቆም ብላችሁ አስቡት። የአፍሪካን መሣሪያ ለተጨቆኑ ጥቁሮች እንዳይደርስ ያስቀረው ጀግና የሲአይኤ ባልደረባ ነው።

እውነተኛው ታሪክ ሌላ ነው። ሲአይኤ በ1960 የኮንጎውን መሪ ፓትሪስ ሉሙምባን በመርዝ ለመግደል ማሴሩን የአሜሪካ ሴኔት ራሱ በ1975 አጣርቶ አውጥቷል። የአገር ውስጡ ወንድሙ ኤፍቢአይም ብላክ ፓንተር ፓርቲን ለማፍረስ ያልቆፈረው ጉድጓድ አልነበረም።

ለፊልሙ ፍርድ እንስጥ ካልን ግን ይህንንም መጨመር አለብን። ኪልሞንገር መንግሥት መገልበጥን ከማን ተማረ? ሮስ ራሱ ነው የሚነግረን። ንጉሥ ሲሞት ወይም ምርጫ ሲደርስ ገብቶ አገር ማተራመስን ያስተማረችው አሜሪካ ናት። ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፍ ቢሆንም ትልቅ ክስ ነው። ስለዚህ ፊልሙን የሲአይኤ ማስታወቂያ ብቻ ማለት ማጋነን ይመስለኛል። አንድ ጥሩ ሰላይ አሳየን፣ ተቋሙን ግን በወሬ መሀል ወጋ አደረገው።

ለኔ ትልቁ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። ፊልሙ ሁለት ምርጫ ብቻ ሰጠን። ወይ እንደ ኪልሞንገር መሣሪያውን ዓለም ላይ በትኖ ኢምፓየር ማቆም፣ ወይ እንደ ቲቻላ ማኅበራዊ ማዕከል መክፈት። እውነተኛዋ አፍሪካ ሦስተኛ መንገድ ሞክራለች፤ ያውም አዲስ አበባ ላይ። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ። ነፃ የሆነ የአፍሪካ መንግሥት፣ ዓላማው የታወቀ የነፃነት ድርጅት ለሚመራ ሰው፣ መተኮስና ፈንጂ ማጥመድ አስተማረ። በግንቦት 1963 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት የነፃነት ኮሚቴ አቋቋመ። መቀመጫው ዳሬሰላም ሆነ። ሥራው ለነፃነት ንቅናቄዎች ገንዘብና ትጥቅ ማድረስ ነበር። ኢምፓየር አልነበረም። የቁርስ ማደያም አልነበረም።

ማንዴላ ከኢትዮጵያ በተመለሰ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1962 ተያዘ። ደርባን ይሠራ የነበረ አንድ የአሜሪካ ዲፕሎማት፣ የት እንዳለ ለደቡብ አፍሪካ ፖሊስ የጠቆምኩት እኔ ነኝ ብሎ ከመሞቱ በፊት ተናገረ። ቃሉ የወጣው በ2016 ነው። ሰውየው የሲአይኤ ሰው እንደነበር ይነገራል። «ብላክ ፓንተር» በሁለት ዓመት ውስጥ ሲኒማ ቤት ገባ። ደጉን ሮስን ሲያዩ ጥርሳቸውን የነከሱ ሰዎች ያለ ምክንያት አልነከሱም።

ዋካንዳ ኢትዮጵያ ናት?

ይህን ብዙ ሐበሻ ብሏል። ያልተገዛች አገር፣ ንጉሥ፣ ተራራ፤ ፊልሙም የወጣው አድዋ ሊከበር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። እንዴት አይባል? ኩግለር ግን ከተራራማዋ ሌሶቶ ብዙ እንደወሰደ ተናግሯል። የድንበር ጠባቂዎቹ ብርድ ልብስም የባሶቶዎች ነው።

በታሪክ ደረጃ ንጽጽሩ ብዙ አያስኬድም። ዋካንዳ የተረፈችው በመደበቅ ነው። ኢትዮጵያ ግን በአድዋ ያሸነፈችው ከዓለም ጋር ስለተገበያየች፣ ስለተዋዋለች፣ ስለተከራከረች ነው። ምኒልክ ጠመንጃ ከፈረንሳይ ገዙ፣ ከሩሲያ አገኙ፣ ከጣሊያን ከራሷ ሳይቀር ወሰዱ። ተደብቀው ቢሆን ኖሮ የጣሊያኑን ጄኔራል ባራቲዬሪን በጦርና በጋሻ ይገጥሙት ነበር።

ከኛ አገር በግልጽ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። የወንዙ ጎሳ ሽማግሌ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ፣ ከንፈሩ ላይ ሸክላ አድርጎ ይታያል። ኦሞ አካባቢ ያሉት ሙርሲና ሱሪ ትዝ ይሏችኋል። በነዚህ ሕዝቦች ዘንድ ግን የከንፈር ሸክላ የሴቶች ነው። ፊልሙ ለወንድ ሰጠው። የልብስ ባለሙያዋ ሩት ካርተር በሥራዋ ኦስካር ወስዳለች፤ ይገባታልም፤ ዓይን ይይዛል። ግን ከሂምባ ቀለም፣ ከንዴቤሌ የአንገት ቀለበት፣ ከዙሉ ባርኔጣ፣ ከኦሞ ሸክላ እየለቀሙ አንድ አገር ማድረግ ለአፍሪካዊ ዓይን ትንሽ ይኮሰኩሳል። አብዛኛው የተቀረጸው አትላንታ ነው። የሚነገረው ቋንቋ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ኮሳ ነው፤ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ።

ኬንያዊው ጸሐፊ ፓትሪክ ጋታራ በዋሽንግተን ፖስት ይህን ወደ ፖለቲካ አመጣው። በዓለም አንደኛ የሆነ ቴክኖሎጂ ያለው ሕዝብ መሪውን የሚመርጠው ፏፏቴ ላይ በቡጢና በጦር ከሆነ፣ ይህ የማን የአፍሪካ ሥዕል ነው? ጥያቄው ትክክል ነው። ባቡሩ ያለ ሐዲድ ይሄዳል፣ ሕዝቡ ግን ድምፅ የለውም። ኪልሞንገር ሲነግሥም፣ ቲቻላ ሲመለስም፣ ከዋካንዳ ገበያ አንድ ሰው እንኳ ምን አሰብክ ተብሎ አልተጠየቀም።

ድንበሩና ትራምፕ

የቀኝ አክራሪዎቹ ትርጓሜ ብዙ ጊዜ አይወስድብንም። የዋካንዳ የድንበር አዛዥ ስደተኛ ካስገባህ ችግሩን ይዞ ይመጣል ሲል ትሰማላችሁ። ይህን ይዘው ነው የጮኹት። ያን የሚለው ሰው በፊልሙ መጨረሻ ተሸንፎ ጉልበቱ ላይ እንደሚወድቅ ረሱት።

ቲቻላ በተባበሩት መንግሥታት ፊት ብልህ ድልድይ ይሠራል፣ ሞኝ አጥር ያጥራል ብሎ ሲናገር ደግሞ ሌላው ወገን ለትራምፕ የተሰጠ መልስ አድርጎ ወሰደው። በተለይ ትራምፕ በጥር 2018 ስለ አፍሪካ አገሮች የተናገሩት ጸያፍ ቃል ገና አልበረደም ነበር። ፊልሙ ግን የተቀረጸው በ2017 መጀመሪያ ነው። ትራምፕ በሜክሲኮ ድንበር እገነባለሁ ላሉት ግንብ ወሬ መልስ ሊሆን ይችላል፤ ለስድቡ ግን አይችልም። አንድን ፊልም ከዜና ጋር ስናያይዝ መቼ እንደተቀረጸ ማየት ከብዙ ስሕተት ያድናል።

ስለ ተመልካች ግምገማ ትንሽ

ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት የፊልም ግምገማዎችን በሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ ድረ ገጽ ላይ የተመልካቹን ነጥብ ለማውረድ በፌስቡክ የተጠራ ዘመቻ ነበር። በወጣ ሰሞን ደግሞ ነጮች ሲኒማ ቤት ተደበደቡ የሚል ወሬ ተነዛ። ፎቶዎቹ ከሌላ ቦታ የተለቀሙ ነበሩ።

ስለዚህ «ተመልካቹ ምን አለ?» ስንል የትኛው ተመልካች? ማለት አለብን። ሲኒማስኮር የተባለው ድርጅት በመክፈቻው ቀን ቲኬት ቆርጠው የገቡትን በሩ ላይ ይጠይቃል። ለዚህ ፊልም ኤ ፕላስ ሰጡት፤ ከዚያ በላይ ነጥብ የለም። በድረ ገጽ ላይ ያለው ነጥብ ግን በዚያን ጊዜ ፊልሙን ያላየ ሰውም የሚሰጠው ነበር። ሮተን ቶሜቶስ ላይ ያለው የተቺዎቹ 96 በመቶም ቢሆን ከመቶ 96 አገኘ ማለት አይደለም። ከመቶ ተቺ 96ቱ ወደውታል ማለት ነው፤ ምን ያህል እንደወደዱት አይነግረንም። ሮተን ቶሜቶስ በ2019 ቲኬት መግዛታቸው የተረጋገጠ ሰዎችን ድምፅ ለብቻ ማሳየት ጀመረ።

ቁጥሮቹ ክርክሩን አልዘጉትም። በኅዳር 2022 የወጣው ተከታዩ ፊልም የፈረንሳይ ቅጥረኞች ማሊ ውስጥ ቫይብራኒየም ሊዘርፉ ሲሉ ተይዘው፣ እጃቸው ታስሮ በተባበሩት መንግሥታት ስብሰባ ፊት ሲቀርቡ ያሳያል። የፈረንሳይ ጦር ማሊን ለቆ ከወጣ ገና ሦስት ወሩ ነበር። በየካቲት 2023 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሴባስቲያን ሌኮርኑ ትዕይንቱን በይፋ አወገዙ። ሠራዊታችንን በሐሰት የሚያሳይ ነው አሉ። ልብሱ የፈረንሳይን ወታደር ልብስ ይመስላል፤ ሚኒስትሩም እንደማንኛውም ተመልካች ያዩትን ተረጎሙ።

በዚያው ፊልም ቦስማን የለም፤ በ2020 በካንሰር አርፏል። ቲቻላ ሞቶ፣ እናቱ ተገድላ፣ እህቱ ሹሪ የተቀደሰውን መጠጥ ጠጥታ ወደ ሙታን ዓለም ትሻገራለች። እዚያ ቁጭ ብሎ የሚጠብቃት ኪልሞንገር ነው። እንደ ወንድምሽ ጨዋ ልትሆኚ ነው ወይስ እንደኔ ሥራሽን ልትሠሪ? ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃታል። ባላጋራዋ ናሞርም በስፔን ቅኝ ገዢዎች የተበደለ፣ ባሕር ውስጥ የሚኖር ሕዝብ ንጉሥ ነው። እውነተኛ ቂም ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ከተማ ያጥለቀልቃል፣ ሰው ይፈጃል። ያው ዘዴ። ሹሪ ግን ጦሯን አንገቱ ላይ ደርሳ አቆመች። ናሞር እጁን ሰጥቶ ከነዙፋኑ ወደ ባሕሩ ተመለሰ።